የሻምበል አበበ ቢቂላ ሁለተኛ ትምህርት

በቆቦ ሜዳ ላይ የእርሻ ወራት ሲደርስ መንገደኛ ቆም ብሎ ሊያየው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ይኸውም አባት ልጁን እርፍ ሲያስጨብጥ ነው። ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ በቦይ እየተመራ ያራሰው የራያ መሬት ለማሽላ ሲታረስ፣ ልጁ በትንንሽ እጆቹ እርፉን ይይዛል፤ አባትየውም ከኋላው ቆሞ ሰፊ እጁን በልጁ እጅ ላይ ያሳርፋል። በሬዎቹ ሲራመዱ ትልሙ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ልጁም ያረሰው እሱ ስለሚመስለው ደስ ይለዋል። ነገር ግን አባትየው እጁን ያነሣ እንደ ሆነ ማረሻው ወደ ጎን ይሸሻል፤ ትልሙም እንደ እባብ ይጥመለመላል። ልጁ ይደነግጣል፤ ያቀናል፤ እንደገና ይስታል፤ እንደገናም ያቀናል።

እንግዲህ ይህ ልጅ ማረስን የተማረው በየትኛው ሰዓት ነው? የአባቱ እጅ ሲመራው ነውን? ወይስ የአባቱ እጅ ከተነሣ በኋላ? ይህ ጥያቄ የገበሬ ጥያቄ ብቻ እንዳይመስለን። ዛሬ በታላላቅ የዓለም ሆስፒታሎች የሕመምተኛን ክንድ ይዞ የሚያንቀሳቅስ፣ የሽባን እግር እያነሣ የሚያራምድ ሮቦት ተሠርቷል። ሊቃውንቱም የሚከራከሩበት ነገር በቆቦ ማሳ ላይ የምናየው ያው ነገር ነው። ሌላ ኀይል ያንቀሳቀሰው አካል ከዚያ እንቅስቃሴ ምን ያህል ይማራል?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ስንፈልግ ከአገራችን ሰዎች መካከል አካሉን ሁለት ጊዜ ያስተማረ አንድ ሰው እናገኛለን። እሱም ሻምበል አበበ ቢቂላ ነው። የመጀመሪያው ትምህርቱ የእግር ነበር፤ ይህንን ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። ሁለተኛው ትምህርቱ ግን የእጅና የትከሻ ነበር፤ ይህን የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። እኛ ዛሬ ስለ ሁለተኛው አብልጠን ልንናገር እንወዳለን።

አበበ የተወለደው በሸዋ ጃቶ በተባለ ስፍራ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. ነው። ሕፃን ሳለ የጣልያን ጦር አገራችንን ወረረ፤ ቤተ ሰቡም ከቀዬው ተፈናቀለ። ከነጻነት በኋላ ወደ መንደሩ ተመልሶ እንደ ባላገር ልጅ አደገ። ዱላ ይዞ ከጎረምሶች ጋራ ገና ተጫውቷል። የገና ጨዋታ ግቡ ሩቅ፣ ሜዳውም ወሰን የሌለው ስለ ሆነ፣ ልጁ ሩጫን ከአሠልጣኝ አስቀድሞ ከጨዋታ ተማረ ማለት ይቻላል። ጎረምሳ በሆነ ጊዜ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክቡር ዘበኛ ጦር ውስጥ ገባ።

በዚያ ዘመን የስዊድን ዜጋ የሆኑት ሜጀር ኦኒ ኒስካነን የክቡር ዘበኛን ወጣቶች ያሠለጥኑ ነበር። እኚህ ሰው አበበን አይተው ለየት አደረጉት። ከሱሉልታ ኮረብቶች እስከ ከተማው ድረስ ሲሮጥ ሰዓት ይዘውለታል፤ ፍጥነቱን እንዴት እንደሚመጥን አስረድተውታል። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። አሠልጣኝ መንገዱን ያሳያል፤ ሰዓቱን ይናገራል፤ ስሕተቱን ይገልጣል። ሯጩን ተሸክሞ የሚሮጥለት አሠልጣኝ ግን የለም። ዳገቱን የወጣው የአበበ እግር ነው፤ ትንፋሹ ሲያጥር ያወቀውና ያስተካከለው የአበበ ደረት ነው።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ማለትም በእንቍጣጣሽ ዋዜማ፣ አበበ በሮማ ከተማ በባዶ እግሩ ለማራቶን ተሰለፈ። አዲሱ ጫማ እግሩን ስላስቸገረው ልምምድ ባደረገበት ባዶ እግሩ መሮጥን መርጦ ነበር። ሩጫው የተጀመረው ቀኑ ሲያዘነብል ነው፤ ያለቀውም ሌሊት፣ ወታደሮች ችቦ ይዘው በቆሙበት ጎዳና ነው። ከሞሮኮው ራዲ ጋራ ጎን ለጎን ሲሮጡ ቈይተው፣ በጣልያን ወረራ ጊዜ ተወስዶ በሮማ በቆመው የአክሱም ሐውልት አጠገብ ሲደርሱ አበበ ፍጥነቱን ጨመረ። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ በዓለም ያልታየ ጊዜ አስመዝግቦ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ገባ። ያ ሐውልት በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሷል።

ከዚያ ሌሊት ስምንት ቀን በኋላ በዚያችው በሮማ ከተማ ሌላ ውድድር ተከፈተ። ከ23 አገሮች የመጡ 400 ያህል አካላቸው የተጎዳ ስፖርተኞች በተሽከርካሪ ወንበር ሆነው ቀስት ሊወረውሩ፣ በጠረጴዛ ቴኒስ ሊጋጠሙ ተሰብስበው ነበር። ይህ ውድድር ዛሬ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ ተብሎ ይጠራል። የአክሱም ሐውልት ያየው ባለ ድል አንድ ቀን ከነዚያ ስፖርተኞች ወገን ይሆናል ብሎ ያኔ ማን ይገምት ነበር?

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ያገኘው ድል ከፊተኛው ይልቅ የሚያስደንቅ ነው። ውድድሩ ሊደርስ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩ ትርፍ አንጀቱ ታሞ በቀዶ ጥገና ወጥቶለት ነበር። ሆኖም በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ገብቶ ሁለተኛውን ከአራት ደቂቃ በላይ ቀደመው። የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰውም ሆነ። ገብቶም እንደ ሌሎቹ በድካም አልወደቀም፤ ከሣሩ ላይ ሆኖ አካሉን ያፍታታ ጀመር። በ1961 ዓ.ም. መግቢያ በሜክሲኮ ግን የእግሩ ሕመም ስለ ጸናበት ግማሹን ሳይደርስ አቋረጠ። ድሉን ጓደኛው ማሞ ወልዴ ወሰደ።

በዚያው ዓመት መጋቢት 13 ቀን ሌሊት አበበ ቮልስዋገን መኪናውን ሲነዳ ተገለበጠ። እስኪነጋም ድረስ ከመኪናው ውስጥ ሳይወጣ ቈየ። በተገኘ ጊዜ አንገቱ ላይ ሕብለ ሰረሰሩ ተጎድቶ ከአንገቱ በታች ያለው አካሉ አልታዘዝ ብሎ ነበር። ሮማንና ቶኪዮን የረገጡት እግሮች ዝም አሉ፤ እጆቹም አብረው ዝም አሉ። መጋቢት 20 ቀን ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ ስቶክ ማንደቪል ከተባለው ሆስፒታል ገባ።

ስለዚህ ሆስፒታል ጥቂት እንናገር። የሕብለ ሰረሰር ክፍሉን በ1944 (በፈረንጅ አቆጣጠር) የመሠረቱት ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን የሚባሉ፣ ከናዚዎች ሸሽተው ከጀርመን የወጡ አይሁዳዊ ሐኪም ናቸው። ከሳቸው በፊት ሕብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ወታደር እንደ ሞተ ይቈጠር ነበር፤ በእርግጥም ብዙው በአልጋ ቁስልና በሽንት መሥመር ሕመም ይሞት ነበር። ጉትማን ሁለት ነገር አዘዙ። አንደኛ፣ ሕመምተኛው በየሁለት ሰዓቱ እንዲገላበጥ፣ የማይታዘዘውም እግርና ክንድ በአስታማሚ እጅ እየተንቀሳቀሰ መገጣጠሚያው እንዳይደርቅ እንዲጠበቅ ነው። ሁለተኛ፣ የተረፈው ጡንቻ ሁሉ በሥራና በስፖርት እንዲጠነክር ነው። በ1948 (በፈረንጅ አቆጣጠር) የሎንዶን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ቀን 16 ሕመምተኞቻቸውን በሆስፒታሉ ሣር ላይ ቀስት አወዳደሩ። በሮማ የተደረገው ያ ውድድር የዚህ ልጅ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ የነገሩ ዋና ቁም ነገር ከዚህ ላይ ነው። አስታማሚ የሽባውን እግር ሲያነሣና ሲያጥፍ የሚገኘው ጥቅም እውነተኛ ጥቅም ነው፤ መገጣጠሚያው አይደርቅም፣ ጡንቻው አይኮማተርም። ሆኖም ሕብለ ሰረሰሩ ፈጽሞ የተቋረጠ እንደ ሆነ የእግሩ ወሬ ወደ አንጎል አይደርስም፤ የአንጎልም ትእዛዝ ወደ እግሩ አይወርድም። ስለዚህ ከዚያ እንቅስቃሴ አንጎል የሚማረው እግርን የማዘዝ ትምህርት የለም። መንገዱ ፈጽሞ ባልተቋረጠበት አካል ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ወሬው ይወጣል፣ ትእዛዙም ይወርዳል፤ ሰውየው ደጋግሞ ከሞከረ አካሉ ይማራል።

በአበበ ላይ የታየውም ይኸው ነው። በመጀመሪያ እጁን እንኳ ማንቀሳቀስ አይችልም ነበር። ንግሥት ኤልሳቤጥ መጥተው ጠይቀውታል፤ ከዓለም ዙሪያም የምሕረት ምኞት ደብዳቤ ጐርፎለታል። እሱ ግን በዚያ ሆስፒታል ስምንት ወር ቈይቶ የክንዶቹን ኀይል መልሶ አገኘ። እግሮቹ አልተመለሱም፤ ከዚያ በኋላም አልሄደም። ይህንን ስንናገር እግሩ ያልተመለሰው ጥረት ስላነሰው ነው እንዳይባል እንጠንቀቅ። በጥረት ከእሱ የሚበልጥ ሰው ከየት ይገኛል? የተቋረጠ መንገድ በብርታት ብቻ አይቀጠልም። በርትቶ የሚገኘው፣ መንገዱ በተረፈበት በኩል ያለው ነው። አበበም ይህን ለይቶ ዐወቀ፤ እግሩን እያለቀሰ ከመጠበቅ ይልቅ እጁን ያስተምር ጀመር።

ሐምሌ 1962 ዓ.ም. ላይ በስቶክ ማንደቪል የተሽከርካሪ ወንበር ውድድር በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሰለፈ። እስቲ ይህንን በልባችን እናስበው። ቀስት የሚስብ ሰው በእግሩ መሬቱን ተደግፎ፣ በወገቡ ጸንቶ ነው። ወገቡ የማይታዘዘው ሰው ግን ሚዛኑን በትከሻውና በአንገቱ ብቻ መጠበቅ አለበት። ይህን ሌላ ሰው እጁን ይዞ ሊያስተምረው አይችልም። ቀስቱ ሲስት በየት በኩል እንደ ሳተ ራሱ አይቶ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ራሱ ማቅናት አለበት። ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘ ጀግና እንደ ጀማሪ ልጅ ዒላማ ሲስት መታየትን አላፈረም።

በሚያዝያ 1963 ዓ.ም. ደግሞ በኖርዌይ ወደ ተደረገ የአካል ጉዳተኞች ውድድር ተጋበዘ። የተጠራው በእንግድነት ነበር፤ እሱ ግን ቁጭ ብሎ መመልከትን እምቢ አለ። በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። ከዚያም በውሾች በሚሳብ የበረዶ ሸርተቴ ውድድር ገብቶ በ1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ17 ሴኮንድ አንደኛ ወጣ። የሸዋ ባላገር ልጅ በበረዶ ላይ አሸነፈ።

በ1964 ዓ.ም. መጨረሻ በሙኒክ ኦሊምፒክ የክብር እንግዳ ሆኖ ተገኘ፤ ማራቶኑን ያሸነፈው አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር ቀርቦ እጁን ጨበጠው። በዓመቱ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በአንጎል ደም መፍሰስ በ41 ዓመቱ ዐረፈ። በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን መካነ መቃብር ሲቀበር 65,000 ያህል ሕዝብ ሸኘው፤ ንጉሠ ነገሥቱም የሐዘን ቀን ዐወጁለት።

ከእሱ ሞት በኋላ ሳይንስ በዚህ ነገር ብዙ ተራምዷል። መነሻው ግን እሱ ገና በሮማና በቶኪዮ መካከል ሳለ የተደረገ አንድ ምርመራ ነው። በ1963 (በፈረንጅ አቆጣጠር) ሪቻርድ ሄልድና አለን ሃይን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን የድመት ግልገሎችን ጥንድ ጥንድ አድርገው በአንድ ዘንግ ላይ አሰሩ። አንደኛው በእግሩ እየሄደ ይዞራል፤ ሁለተኛው በቅርጫት ተቀምጦ በአንደኛው ጉልበት ይዞራል። ሁለቱም የሚያዩት ነገር አንድ ነው። በመጨረሻ ሲፈተኑ በእግሩ የሄደው መዳፉን በሚገባ ማሳረፍና ገደልን መለየት ቻለ፤ በቅርጫት የተጓዘው ግን አልቻለም። ደግነቱ ተፈቶ በእግሩ መሄድ በጀመረ በጥቂት ቀን ውስጥ እሱም ተማረ።

ኋላም በሰማንያዎቹ መጨረሻና በዘጠናዎቹ (በፈረንጅ አቆጣጠር) ኔቪል ሆጋንና ኤርማኖ ክሬብስ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የሕመምተኛን ክንድ የሚመራ ሮቦት ሠሩ። የስዊዘርላንድ መሐንዲሶች ደግሞ የሚያራምድ መሣሪያ አወጡ። በመጀመሪያ ብዙ ተስፋ ተጣለ፤ መኪናው አይደክመውም፣ አንድን እንቅስቃሴ ሺህ ጊዜ ይደጋግማልና። ነገር ግን ቀስ በቀስ አንድ ችግር ታየ። መሣሪያው ሥራውን ሁሉ ሲሠራ የሰውየው ጡንቻ ያርፋል፤ አንጎሉም ይሰንፋል። በመሣሪያው ሲያዝ እንቅስቃሴው ያማረ ሰው፣ መሣሪያው ሲነሣ የተማረውን ያጣዋል። ልክ እንደ ቆቦው ልጅ ትልም ማለት ነው። በእንግሊዝ አገር በስትሮክ ክንዳቸው በደከመ 770 ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2019 (በፈረንጅ አቆጣጠር) የታተመ ታላቅ ጥናት፣ የሮቦቱ ልምምድ ከተለመደው ሕክምና ይልቅ ክንዱን የተሻለ እንዳላሠራው አረጋግጧል።

ታዲያ መመራት ከንቱ ነውን? አይደለም። በ2012 (በፈረንጅ አቆጣጠር) የካናዳ ተመራማሪዎች አንድ ቁም ነገር አሳይተዋል። የሰውን እጅ በሮቦት እየያዙ ትክክለኛውን መንገድ ደጋግመው ካሳዩት፣ ከዚያም ራሱ እንዲሞክር ከተዉት፣ እጁ ሳይመራ ከጀመረው ሰው የተሻለ ይማራል። ምክንያቱም የሰው አካል ዐይን ሳያይ እንኳ እጁ የት እንዳለ የሚያውቅበት ስሜት አለው፤ መመራት ይህን ስሜት ይስለዋል። ጀማሪ የሆነ ሰው ከመመራት የበለጠ እንደሚጠቀም፣ የበረታውን ግን መመራት እንደማያሻግረው ሌሎች ጥናቶች ጨምረው አሳይተዋል። ስለዚህ የዛሬዎቹ ሊቃውንት ሮቦቱን እንደ ጥሩ አባት አድርገው ለመሥራት ይደክማሉ። ሰውየው ሲሞክር ዝም እንዲል፣ ሲያቅተው ብቻ እንዲያግዝ፣ ሲበረታም እገዛውን እንዲቀንስ ነው።

እንግዲህ ይህ ነገር ለኛ ለተማሪዎችና ለወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ምን ይነግረናል?

አንደኛው በቤታችን ያለ ነገር ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ቆቦና አካባቢዋ ብዙ መከራ አይተዋል፤ አካሉ የጎደለና የደከመ ወገን በየመንደሩ አለ። በስትሮክ አንድ ወገኑ የደከመ አባት ወይም እናት ያለበት ቤትም ብዙ ነው። እኛ ስናስታምም ፍቅራችን ሥራውን ሁሉ ከሕመምተኛው እጅ ይነጥቃል። እናጎርሳለን፤ እናለብሳለን፤ ጽዋውን ከንፈሩ ድረስ እናደርሳለን። ጉርሻ ፍቅር መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን ሐኪም የፈቀደለትን እንቅስቃሴ ሕመምተኛው ራሱ እንዲሞክር ጊዜ መስጠትም ፍቅር ነው። ጽዋው ቢፈስስ ይፍሰስ፤ የፈሰሰው ውሃ የእጁ ትምህርት ነው። ሮቦት በሌለበት ጤና ጣቢያ እንኳ ይህን ማድረግ ይቻላል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሚሠለጥኑ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ወደ ወረዳው ሁሉ እንዲደርሱ ማሰብ ደግሞ የባለ ሥልጣኖቻችን ድርሻ ነው።

ሁለተኛው በቢሮአችን ያለ ነገር ነው። የበታቹን ደብዳቤ ሁሉ ራሱ የሚጽፍ አለቃ፣ ሥራው ያማረ ይመስለዋል። በርግጥም ፋይሉ ንጹሕ ይሆናል፤ ትልሙ ቀጥ ይላል። አለቃው በተዛወረ ማግስት ግን ጸሐፊው አንድ መሥመር መጻፍ ያቅተዋል። ሥልጣን የያዘ ወጣት የሠራተኛውን እጅ መያዝን ብቻ ሳይሆን፣ መቼ መልቀቅ እንዳለበት መማር አለበት። ተማሪም እንዲሁ ነው። የጓደኛውን ደብተር ገልብጦ ፈተና የሚያልፍ፣ በቅርጫት ተቀምጦ እንደ ዞረው ድመት ነው፤ ሁሉን አይቷል፣ ምንም አልተማረም።

አባቶቻችን ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል ሲሉ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ቀስ በቀስ የሚለውን ነው። በእግሩ የሚለውን ግን እናልፈዋለን። እንቍላሉን ማንም ተሸክሞ አልወሰደውም። ዶሮዋ ሞቀችው፤ ቅርፊቱን የሰበረው ጫጩቱ ነው። ኒስካነን ሰዓት ያዙለት፤ የስቶክ ማንደቪል አስታማሚዎች አካሉን ጠበቁለት፤ ሮማንም ያንንም ዒላማ የደረሰባቸው አበበ ነው።

በቆቦም ሜዳ የተጀመረው እርሻ ይቀጥላል። አባትየው እጁን አንሥቶ ጥቂት ርምጃ ወደ ኋላ ይቀራል። ልጁ ሁለት ትልም ያበላሻል፤ አባትየው ዝም ብሎ ያያል። ሦስተኛው ትንሽ ይቀናል። ማሽላው በተጣመመ ትልም ላይም ይበቅላልና፣ አባትየው አይቸኩልም።